ታጅ ማሃልና እንቁላል ግንብ

እ.ኤ.አ. በ1632 በሁለት አገሮች ሁለት ነገሮች ተፈጸሙ። በእኛ አገር አጼ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ ለማስፋት ያደረጉት ሙከራ ያስከተለው ደም መፋሰስ አንገፍግፏቸው፣ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በሕንድ አገር አግራ በምትባለው ከተማ ደግሞ የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን፣ ከዓመት በፊት 14ኛ ልጇን ስትወልድ ለሞተችበት ባለቤቱ ለሙምታዝ ማሃል በያሙና ወንዝ ዳር የመቃብር ሕንፃ ማሠራት ጀመረ። ከመጀመሪያው ድርጊት የጎንደር ከተማና የፋሲል ግንብ ተወለዱ። ከሁለተኛው ታጅ ማሃል።

“ሁለቱን ምን አገናኛቸው?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ስለ ጎንደር ግንቦች ሲወራ አፋችን የሚቀናው ወደ አውሮፓ ነው። “ፖርቹጋሎች የሠሩት” ይባላል። የቱሪዝም በራሪ ጽሑፎችም ከተማዋን “የአፍሪካ ካሜሎት” እያሉ ከእንግሊዝ አፈ ታሪክ ጋር ያዛምዷታል። የዘመን ቆጠራውን ብቻ ብናይ ግን ነገሩ አይገጥምም። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ካህናት ከአገር ያስወጡት በ1633 እና በ1634 ሲሆን፣ ጎንደር የመንግሥት መቀመጫ የሆነችው በ1636 ነው። ባለቤቱ ከተባረረ በኋላ ቤት ሠራ ማለት ይሆናል።

የራሳችን ዜና መዋዕል የሚለው ሌላ ነው። ጎንደር ሳትቆረቆር በፊት፣ ከዚያ ብዙም በማይርቀው ደንቀዝ ላይ ለአጼ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት የሠሩት አብዱል ከሪም የተባለ ባንያን፣ ማለትም ሕንዳዊ፣ እና ሰደቃ ንስራኒ የተባለ ግብጻዊ ናቸው። በ1648 የየመኑ ኢማም መልእክተኛ ሆኖ ጎንደር የገባው ሐሰን ኢብን አሕመድ አልሐይሚም የፋሲልን ግንብ በአድናቆት ገልጾ፣ የግንባታውን መሐንዲስ ሕንዳዊ ይለዋል። አልሐይሚ ጎንደርን ባየበት በዚያው ዓመት ገደማ የታጅ ማሃል ዋናው ሕንፃ ተጠናቅቋል። ስለዚህ ይህ ጸሐፊ ጎንደርን ለመረዳት ፊትን ወደ ሊዝበን ሳይሆን ወደ አግራ ማዞር ይሻላል ባይ ነው። ለኢየሱሳውያኑም የሚገባቸውን መስጠት ያስፈልጋል፤ በ1620ዎቹ መጀመሪያ ኖራ አቃጥሎ በግንብ ሥራ መጠቀም የተስፋፋው በእነርሱና ከሕንድ ባስመጧቸው ባለሙያዎች አማካይነት ነው። ድንጋዩን የጠረቡትና የተሸከሙት፣ እንጨቱንና ብረቱን ያበጁት ግን የአገሩ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱም መካከል በግንበኝነታቸውና በቀጥቃጭነታቸው የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን አሉ።

እስቲ መጀመሪያ ወደ አግራ እንሂድ።

ታጅ ማሃል በፎቶግራፍ ብዛት ያረጀ ሕንፃ ነው። ከብስኩት ቆርቆሮ እስከ ምግብ ቤት ምልክት የማይለጠፍበት ነገር የለም። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው “ነጭ ጉልላት ነው” ብሎ ያልፈዋል። ብልሃቱ ያለው ግን ከጉልላቱ በፊት ነው። ጎብኚው የሚገባው ከቀይ አሸዋ ድንጋይ በተሠራ ግዙፍ በር በኩል ነው። በሩ ጨለማ ያለበት ነው፤ የቅስቱ ክፈፍ ነጩን ሕንፃ እንደ ስዕል ይይዘዋል። ከበሩ ሲያልፉ እያንዳንዱ ጎኑ 300 ሜትር ያህል የሆነ የአትክልት ስፍራ ይገጥማል። ፋርሶች ቻርባግ ይሉታል፤ በውኃ ቦዮች ለአራት የተከፈለ፣ የገነት አምሳያ ነው። ከዚህ በፊት የነበሩት የሙጋል ነገሥታት መቃብሮች፣ ለምሳሌ ዴልሂ ያለው የሁማዩን መቃብር፣ የሚቆሙት በአትክልቱ መሀል ነበር። የሻህ ጃሃን አናጺዎች ይህን ልማድ ትተው ሕንፃውን ከአትክልቱ ጫፍ፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ አቆሙት። ውጤቱ ቀላልና ብልህ ነው፤ ከሕንፃው በስተጀርባ ዛፍም ቤትም አይታይም። ከሰማይ በቀር ሌላ የለም። ነጩ እብነ በረድ ጠዋት ወደ ሐምራዊ፣ በቀትር ወደሚያጥበረብር ነጭ፣ ማታ ወደ ወርቅማ የሚለወጥ የሚመስለው ከበስተኋላው የሚወዳደረው ነገር ስለሌለ ነው።

ዋናው አናጺ ኡስታድ አሕመድ ላሆሪ እንደሆነ በአብዛኛው ይታመናል። 20,000 ያህል ሠራተኛ እንደተሰማራበት፣ 32 ሚሊዮን ሩፒ እንደወጣበት ይነገራል። አጠቃላይ ግቢው ያለቀው በ1653 ነው። እብነ በረዱ የመጣው ከማክራና፣ ከራጃስታን ነው። የሕንፃው አካል ግን እብነ በረድ አይደለም፤ በኖራ የተያያዘ ሸክላ ነው። እብነ በረዱ ልብሱ ነው። በዚህ ልብስ ላይ 28 ዓይነት የከበሩ ድንጋዮች እየተቆረጡ፣ በተቦረቦረው ነጭ ድንጋይ ውስጥ እየተገጠሙ አበባና ሐረግ ሆነዋል። በጣት ሲዳሰስ ድንጋዩ ያለቀበትና አበባው የጀመረበት አይለይም ይባላል።

ሕንፃው 73 ሜትር ያህል ይቆማል። ጉልላቱ ድርብ ነው። ከውጭ የምናየው የሽንኩርት ቅርጽ ያለው ትልቁ ጉልላት ሲሆን፣ ከውስጥ ቀና ስንል የምናየው ዝቅ ያለ ሌላ ጉልላት ነው። አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወይ ከውጭ አጭር ይመስላል፣ ወይ ከውስጥ እንደ ጉድጓድ ያስፈራል። በአራቱ ማዕዘን የቆሙት ከ40 ሜትር በላይ የሆኑ ሚናሬቶች ደግሞ በጥቂቱ ወደ ውጭ ያዘነበሉ ናቸው። ምክንያቱ ምድር ብትናወጥ በመቃብሩ ላይ እንዳይወድቁ ነው ይባላል፤ ለዓይንም ቀጥ ያሉ ሆነው ይታያሉ። አማናት ካን የተባለው ጸሐፊ በትላልቆቹ ቅስቶች ዙሪያ የቁርኣን አንቀጾችን በጥቁር ድንጋይ ሲያስገባ፣ ፊደሉን ወደ ላይ ከፍ ባለ ቁጥር አሳድጎታል። ከታች የቆመ አንባቢ ከእግር እስከ ራስ አንድ ዓይነት ፊደል ያያል። ይህን ያህል ስለ ተመልካቹ ዓይን የተጨነቀ ሕንፃ ብዙ የለም።

አንድ ነገር ብቻ ሥርዓቱን ያፈርሳል። በግቢው ውስጥ ሁሉም ነገር ጥንድ ነው። በስተምዕራብ መስጊድ አለ፤ በስተምሥራቅ ለሚዛን ሲባል ብቻ የተሠራ መስጊድ መሳይ አዳራሽ ቆሟል። የሙምታዝ የመታሰቢያ ሣጥን በትክክል በመሀል ተቀምጧል። ሻህ ጃሃን በ1658 በልጁ በአውራንግዜብ ከሥልጣን ወርዶ በአግራ ምሽግ ታሰረ፤ በ1666 ሲሞት ከባለቤቱ ጎን በስተምዕራብ ተቀበረ። የእርሱ ሣጥን ብቻ ነው ጥንድ የሌለው። በዚያ ሁሉ ስሌት መሀል ማንም ያላሰላው ይህ ነው፤ ለእኔ ከጉልላቱ ይልቅ ልብ የሚነካውም ይህ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ሁለቱም በእነዚህ ሣጥኖች ውስጥ የሉም። መቃብራቸው ከታች ባለው ክፍል ነው።)

የሠራተኞቹ እጅ ተቆርጧል የሚለው ወሬና ከወንዙ ማዶ ጥቁር ታጅ ማሃል ሊሠራ ነበር የሚለው ተረት ማስረጃ የላቸውም። ማስረጃ ያለው ሌላ ጉዳይ አለ። ሙምታዝ በሞተችባቸውና ግንባታው በተጀመረባቸው በ1630 እና በ1632 መካከል ጉጃራትና ደካን በከባድ ረሀብ ተመትተው ነበር። ውበቱን ስናደንቅ ይህን መርሳት አይገባም።

ወደ ጎንደር ስንመለስ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያጣው ልስላሴውን ነው። የፋሲል ግንብ ክብደቱን አይደብቅም። ከቡናማ ባዛልት ድንጋይና ከኖራ የተሠራ ባለ ፎቅ ሕንፃ ነው፤ በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማዎች አሉት፤ በማማዎቹ ራስ ላይ ደግሞ የጎንደር ሰው “እንቁላል ግንብ” እንዲለው ያደረጉት ትናንሽ ጉልላቶች አሉ። ከጣሪያው በላይ የሚወጣው አራት ማዕዘን የመቃኛ ማማ ከፍታው 32 ሜትር ያህል ነው፤ ጥሩ ቀን ሲሆን ጣናን ያሳያል። የበሮቹና የመስኮቶቹ ቅስቶች ቀላ ባለ ድንጋይ ተከፍፈዋል። ቀይና ቡናማ ብቻ፤ ሌላ ጌጥ የለም ማለት ይቻላል። አግራ ላይ ድንጋይ ወደ አበባነት ተለውጧል፤ ጎንደር ላይ ድንጋይ ድንጋይ እንደሆነ ቆይቶ ጥላው ነው የሚያጌጠው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘነብል የማማዎቹ ጥላ በግድግዳው ላይ ሲዞር ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ተከታዮቹ ነገሥታት፣ ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብ፣ በዚያው 900 ሜትር ርዝመት ባለው የግንብ አጥር ውስጥ የየራሳቸውን ጨመሩበት። አንድ ንድፍ የለውም፤ እንደ ቤተሰብ ግቢ ነው ያደገው።

የሚያስገርመው ግን የጎንደር ነገሥታት ይህን ሁሉ ሠርተው ለራሳቸው መቃብር ሕንፃ አለመሥራታቸው ነው። አጼ ፋሲል ያረፉት በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አጽም በቁስቋም በመስታወት ሣጥን ይታያል። በእኛ ባህል ንጉሥ ሲሞት ወደ ታቦቱ ይጠጋል እንጂ ለብቻው ጉልላት አይሠራለትም። በጎንደር ራሱን ችሎ የቆመ፣ ባለ ጉልላት መቃብር የሚባል ሕንፃ ቢፈለግ የሚገኘው ከፋሲል መዋኛ አጠገብ ነው፤ በክብ ቅስቶች ላይ ያረፈ ትንሽ ሕንፃ ሲሆን፣ በአፈ ታሪክ የተቀበረበት ዞብል የተባለ የንጉሥ ፈረስ ነው! ሕንድ አገር የሄደ ሰው እንዲህ ያለችውን ባለ ጉልላት ዳስ በየመቃብሩ ዙሪያ ያገኛታል።

የአግራና የእኛ ሰዎች ግንኙነት በኖራና በግንበኛ ብቻ አያበቃም። ሻህ ጃሃን የሚለውን የማዕረግ ስም ልዑል ኩራም ከአባቱ ከጃሃንጊር የተቀበለው በ1617፣ ደካን ላይ ባደረገው ዘመቻ ተሳክቶለት ሲመለስ ነው። በዚያ ዘመቻ የተዋጋው ከማን ጋር ነበር? ከማሊክ አምባር ጋር። ማሊክ አምባር በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሽጦ፣ በባግዳድ በኩል አልፎ ሕንድ የደረሰ፣ ከባርነት ተነስቶ የአሕመድናጋርን መንግሥት እንደራሴ ሆኖ የመራ ሰው ነው። ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ሊያሸንፈው ስላልቻለ በስዕል ተበቀለው፤ የማሊክ አምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲመታ የሚያሳየው ስዕል ዛሬም አለ። ራሱ ሻህ ጃሃንም በ1620ዎቹ በአባቱ ላይ ሲያምፅ የተጠጋው ወደዚሁ ሐበሻ ነበር።

ማሊክ አምባር በ1626 ሞቶ ኩልዳባድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ራሱ ባሠራው ባለ ጉልላት የድንጋይ መቃብር ተቀበረ። ከዚህ ሕንፃ ብዙም ሳይርቅ፣ በ1707 የሞተው አውራንግዜብ፣ የታጅ ማሃል ባለቤት ልጅ፣ ጉልላት በሌለው ተራ መቃብር አርፏል። ማሊክ አምባር በ1610 የቆረቆራት ካድኪ የተባለች ከተማም በአውራንግዜብ ስም አውራንጋባድ ተባለች፤ ከ2023 ወዲህ ይፋዊ ስሟ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ሆኗል። በዚህች ሐበሻ በመሠረታት ከተማ የአውራንግዜብ ባለቤት መቃብር የሆነው ቢቢ ካ ማቅባራ ቆሟል። የሠራው የኡስታድ አሕመድ ላሆሪ ልጅ አታ ኡላ ነው። “የደካን ታጅ” ይሉታል። በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ቅጂ ነው፤ ከወገቡ በላይ እብነ በረዱ እያነሰ ልስን ይተካዋል፤ አንገቱም ጠበብ ያለ ነው። ታላቁን ሕንፃ ታላቅ ያደረገው ቅርጹ ብቻ ሳይሆን ልኩ መሆኑን ለማየት ግን ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ የለም።

ከዚያ በኋላ ጎንደር ራሷ ወደ ሙጋሉ አደባባይ መጣች። አጼ ፋሲል በ1660ዎቹ ወደ አውራንግዜብ ሁለት መልእክተኞች ላኩ። አንዱ ሙራድ የተባለ የአሌፖ አርመን፣ ሌላው ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ። ታሪኩን የጻፈልን በዴልሂ ያገኛቸው ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንስዋ በርንዬ ነው፤ ስለ ታጅ ማሃልም ከግብፅ ፒራሚዶች ይልቅ ከዓለም ድንቆች መቆጠር የሚገባው እርሱ ነው ብሎ የጻፈው ይኸው ሰው ነው። መልእክተኞቹ ባሮች፣ ፈረሶች፣ የዝሆን ጥርስና በቀንድ የተሞላ ዝባድ ይዘው ሱራት ወደብ ሲደርሱ፣ በ1664 የማራታው መሪ ሺቫጂ ከተማዋን ወርሮ ንብረታቸውን ዘረፋቸው። ዴልሂ የገቡት ዝባዱ የፈሰሰበትን ባዶ ቀንድ ይዘው ነበር።

ከዚህ ዘገባ ለእኛ ርዕስ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው። አውራንግዜብ በኢትዮጵያ ውስጥ በፖርቹጋሎች ዘመን የፈረሰ አንድ መስጊድ እንዲታደስ 2,000 ሩፒ ሰጠ። መስጊዱ የተሠራው፣ እስልምናን ለመስበክ ከመካ ወደ ኢትዮጵያ በመጣ አንድ ሼህ መቃብር ላይ ነበር። እንግዲህ በታጅ ማሃል የተቀበረችው የሙምታዝ ልጅ፣ በእኛ አገር ላለ አንድ እስላማዊ መቃብር ማደሻ ከኪሱ ገንዘብ አውጥቷል ማለት ነው። በጎንደር በኩል የተከተለው ግን መቀራረብ አልነበረም። ፋሲል በ1667 ባረፉ በዓመቱ፣ የልጃቸው የቀዳማዊ ዮሐንስ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። በቀሃ ወንዝ በኩል የተመሠረተው እስላም ቤት የዛሬው አዲስ ዓለም ነው። ከምፅዋና ከሱዳን የሚመጣውን የከተማዋን ንግድ በአብዛኛው ያንቀሳቅሱ የነበሩት የዚህ ሰፈር ሰዎች ናቸው። ስለ ግንቦቹ ውበት የሚጽፍ ሰው አዲስ ዓለምን ሳይጠቅስ ካለፈ ግማሽ ጎንደርን ትቷል።

በአገራችን “የእስላም ንጉሥ መቃብር” ተብሎ የሚከበረው ዋናው ስፍራ ትግራይ ውስጥ፣ ውቅሮ አጠገብ ያለው አልነጃሺ ነው። በሙስሊሞች ትውፊት የነቢዩን ተከታዮች ተቀብሎ ያስተናገደው ንጉሥና ከስደተኞቹ ጥቂቶቹ ያረፉት እዚያ ነው። ኅዳር 2013 ዓ.ም በነበረው ጦርነት መስጊዱ በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ጉዳት ደርሶበታል፤ ተዘርፏልም። የጎንደር ግንቦችም በ1941 እንግሊዞች ጣሊያንን ሲያስወጡ ከአውሮፕላን ቦምብ አላመለጡም። በሕንድም በመጋቢት 2025 የአውራንግዜብ መቃብር ይነሳ የሚል ቅስቀሳ ናግፑር ከተማ ላይ ግጭት አስነስቷል። ሐበሻው ማሊክ አምባር የተኛው እዚያው ጎረቤት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። የፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1979፣ ታጅ ማሃል በ1983 ነው፤ እኛ አራት ዓመት እንቀድማለን። አያያዙ ላይ ግን መቅደማችን ያጠራጥራል። በ1984 ኤም ሲ ሜህታ የተባለ ሕንዳዊ ጠበቃ፣ የአካባቢው ፋብሪካዎች ጭስ እብነ በረዱን እያበለዘው ነው ብሎ ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት አለ። ጠበቃው የሕንፃው ባለቤት አይደለም፤ የአግራ ነዋሪም አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ታኅሣሥ 1996 (በእነርሱ አቆጣጠር) በሰጠው ውሳኔ፣ በታጅ ዙሪያ 10,400 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሸፍነው ክልል የነበሩ 292 የድንጋይ ከሰል ተጠቃሚ ፋብሪካዎች ወደ ተፈጥሮ ጋዝ እንዲዞሩ፣ ካልሆነም ከዚያ እንዲነሱ አዘዘ። የሚነሱት ሠራተኞች መብትም በዚያው ውሳኔ ተወስኗል። የሕንድ የአርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤት ደግሞ ቢጫ የሆነውን እብነ በረድ ሙልታኒ ሚቲ በሚባል ጭቃ እየቀባ ያጥባል፤ ሴቶች ለፊት ቆዳ የሚቀቡት ያው ጭቃ ነው።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41(9) የታሪክ ቅርሶችን መንከባከብ የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 91 ደግሞ ግዴታውን በዜጎችም ላይ ይጥላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም አለን። ነገር ግን አንድ የጎንደር ነዋሪ፣ ግንቡ በተሳሳተ ጥገና ተጎዳ ብሎ ፍርድ ቤት ቢቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው “አንተን ምን አገባህ?” ተብሎ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33 ከሳሽ በክርክሩ ጉዳይ ላይ ጥቅም ያለው መሆኑን እንዲያሳይ ያስገድዳልና። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ይህ መሰናክል ተነስቷል፤ ማንም ሰው ጥቅሙን ሳያስረዳ መክሰስ ይችላል። በቅርስ አዋጁ ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም። ወንዝ የበከለ ሊከሰስ፣ ግንብ ያበላሸ ግን በመንግሥት ካልተከሰሰ ሊታለፍ ነው።

የግንብ ጥገና ደግሞ ለስህተት ቅርብ ነው። ኖራ ይተነፍሳል፤ ከድንጋዩ ጋር አብሮ እርጥበት ይቀበላል፣ ይመልሳል። ሲሚንቶ ግን ይደርቅና ውኃውን ከውስጥ ያግተዋል፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ የሚሸረሽረው ድንጋዩን ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በግንቦቹ ላይ ሲሚንቶ ተጠቅመው ያደረሱትን ጉዳት በኋላ የመጡ ጥገናዎች ወደ ኖራ በመመለስ ለማረም ሞክረዋል። በ2017 ዓ.ም በፋሲል ግቢ ሰፊ እድሳት ተካሂዷል። ኖራው ከየት እንደመጣ፣ ስንት ጊዜ እንደተብላላ፣ የቱ ግድግዳ የጥንቱ የቱ የአሁኑ እንደሆነ የሚያስረዳው ሰነድ በከተማው ቤተ መጻሕፍትና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለማንም አንባቢ ክፍት ሆኖ መቀመጥ አለበት። አዋጅ 209/1992 ሲሻሻልም የብክለት አዋጁን አንቀጽ 11 የሚመስል አንድ አንቀጽ ይግባበት፤ ከሦስት መስመር አይበልጥም።